የሦስት ሳምንት ጉብኝት ነርስ አያደርግም

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ለአንባብያን ላቀርበው የፈለግሁት ጉዳይም ከሥሩ ካልተያዘ በቀር ከላይ ከላይ ቢነካኩት የሚሽር አይደለም። ጉዳዩ ይህ ነው፤ እኛ የነርስነት ተማሪዎች የአእምሮ ሕመምተኛን ማስታመም እንዴት እንማራለን? ይልቁንም እውነቱን ለመናገር፥ ሳንማረው እንደ ተማርነው ሆነን የምንመረቀው ለምንድን ነው?

ይህን ስጽፍ መምህሮቻችንን ለመንቀፍ ወይም ያገኘሁትን ትምህርት ለማቃለል አለመነሣቴን አስቀድሜ ማስታወቅ እወዳለሁ። በጥቂት መምህራንና በተጣበበ ሰዓት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ሁላችንም እናያለን። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ነውና፥ በገዛ ሙያችን ውስጥ ያለውን ሕመም ሸፍነን ስለ ሌላው ሰው ጤና ብንናገር የሚሰማን አይኖርም።

በመጀመሪያ ከራሳችን ግቢ እንነሣ። በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ ሁለት ተማሪዎች ሲከራከሩ አንደኛው ሌላውን «አንተን የሚያስፈልግህ አማኑኤል ነው» ሲለው ያልሰማ ማን አለ? ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። ብቻውን የሚሄደውን ተማሪ «ነካ ያደርገዋል» እንላለን፤ እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን ሲዘዋወር የሚያድረውን «ለቀቀ» እንላለን። በሳምባ ነቀርሳ የታመመውን ጓደኛችንን ግን እንዲህ መሳለቂያ አናደርገውም፤ ብርቱካን ገዝተን ሄደን እንጠይቀዋለን። የአእምሮ ሕመምተኛን ብርቱካን ይዞ የሚጠይቅ ስንት ነው? የነርስነት ተማሪዎችም ብንሆን ከዚህ ሳቅ ነጻ አይደለንም። እኔም ስቄአለሁ። ነጭ ጋዋን መልበስ ከቤትና ከሰፈር ይዘነው የመጣነውን አስተሳሰብ ከላያችን አያወልቀውም። ሊያወልቀው የሚችለው ትምህርት ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ደብተር የሚገለበጠው ሳይሆን ከሕመምተኛ ጋር ተቀምጦ የሚገኘው ትምህርት ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍላችን ተማሪዎች ለተግባር ትምህርት ወደ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተላክን። የተመደበልን ጊዜ 3 ሳምንት ነበር። ከመግባታችን በፊት የተሰጠን ምክር አጭር ነው፤ «በር አጠገብ ቁሙ፤ ጀርባችሁን ለበሽተኛ አትስጡ፤ ስለ ራሳችሁ ምንም አትናገሩ» የሚል። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነገር ግን ወደ ሌላ ማናቸውም ክፍል ስንገባ የመጀመሪያው ትምህርት ስለ በሽተኛው ሆኖ ሳለ፥ እዚህ ግን እኛው ራሳችን እንዴት እንደምንጠበቅ ብቻ ሲነገረን የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ፍርሃት ነው።

ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች በአንድ አልጋ ዙሪያ ቆምን። አልጋው ላይ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፥ ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የነበሩ ሰው ተቀምጠዋል። መምህራችን ጥቂት አስረድተውን ወደ ሌላ ጉዳይ ሄዱ። እኛም ከታተመው ቅጽ ላይ እያነበብን በየተራ ጠየቅናቸው። ስምዎ ማን ነው? ሕመሙ መቼ ጀመረዎ? ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል? ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ። ሰውዬው ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። ሰባት ሰባት እየቀነሱ ሲቆጥሩም ከአንዳንዶቻችን ይልቅ ፈጣን ነበሩ። ጨርሰን ልንወጣ ስንል ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ይህን ቅጽ ስንት ጊዜ እንደ ተጠየቅሁት ታውቃለህ? ባለፈው ወር የመጡትም ይህንኑ ጠየቁኝ። ታሪኬ በየደብተራችሁ አለ፤ በማግሥቱ ተመልሶ እንዴት አደሩ ያለኝ ግን የለም። አንተ ነገ ትመጣለህ?» አሉኝ። «አዎን፥ እመጣለሁ» አልኋቸው።

በማግሥቱ ቡድናችን ወደ ሴቶች ክፍል ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ተመላላሽ ሕክምና። ሦስቱ ሳምንት አለቀ። እኔም ተመልሼ አልሄድሁም። ልሄድ እችል ነበር፤ ከሴቶቹ ክፍል እስከ እርሳቸው አልጋ ያለው መንገድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያልሄድሁት የምለው ስላልነበረኝ ነው። ቅጹ ካለቀ በኋላ ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ምን እንደሚወራ ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በፈተናው መልካም ነጥብ አገኘሁ። የመድኃኒቱን ስም፥ የሕመሙን ምልክት፥ የትርጓሜውን ቃል አሟልቼ ጽፌአለሁ። ያን ሰው ዋሽቼ መሄዴን ግን የጠየቀኝ ፈታኝ የለም።

«ይህ የአንተ የግል ጸጸት ነው፤ ለጋዜጣ ምን ይበጃል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት ነበር። ዐሥራ ሁለታችንም ለአንድ ሰው ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ከእኛ በፊት የመጡትም እንዲሁ። እንግዲህ ጥፋቱ በአንድ ተማሪ ጠባይ ላይ ሳይሆን በትምህርቱ አሠራር ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ጥፋት ምን ያህል ከባድ መሆኑን ለማወቅ፥ ነርስ በአእምሮ ሕክምና ውስጥ ያለውን ስፍራ ከታሪክ እንመልከት።

በፈረንሳይ አገር የአእምሮ ሕመምተኞችን ከሰንሰለት የፈታው ታላቁ ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ነው ተብሎ ሲነገር ኖሮአል። ፒኔል በ1793 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በቢሴትር ሆስፒታል ተሾመ። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለሚመረምር ግን በቢሴትር ሰንሰለቱን በ1797 ያስወገደው ዣን ባቲስት ፑሳን የሚባል የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ በዚያን ጊዜ ፒኔል ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውሮ ነበር። ፑሳን ሐኪም አልነበረም። ቀድሞ ቆዳ ፋቂ ሆኖ የኖረ፥ በአንገት ዕባጭ ታሞ ወደዚያው ሆስፒታል የገባ፥ ከዳነ በኋላም በዚያው በሥራ የቀረ ሰው ነው። ሚስቱ ማርግሪትም አብራው ትሠራ ነበር። ከሕመምተኞቹ ጋር ውሎ ስለሚያድር ማን በምን እንደሚቆጣ፥ ማንስ በምን ቃል እንደሚበርድ ያውቃል። አስታማሚዎችን ሲመርጥም ታመው ከዳኑት መካከል መምረጥ ይወድ ነበር፤ መከራውን የቀመሰ ሰው በታመመ ሰው ላይ ለመጨከን አይቸኩልምና። ፒኔል ከዚህ ሰው መማሩን ራሱ በጽሑፉ መስክሮአል፤ በ1802ም ወደሚሠራበት ወደ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል አስመጥቶታል። ሠዓሊዎች ግን የሣሉት ሐኪሙን ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። በ1797 ዛሬ የምናውቀው መድኃኒት አንዱም አልነበረም። ሰንሰለቱን ያስወለቀው በየቀኑ ከሕመምተኛው አጠገብ የተገኘ ሰው ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት በዛሬው ቋንቋ ነርስነት ይባላል።

«ያ ድሮ ነው፤ አሁንማ መድኃኒት ተገኝቶአል» ቢባልም እውነት ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ዣን ደሌና ፒዬር ደኒኬር የሚባሉ ሐኪሞች በፓሪስ በሳንት አን ሆስፒታል ክሎርፕሮማዚንን ለአእምሮ ሕመምተኞች ሰጥተው ውጤቱን ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የአእምሮ ሕክምና መልኩ ተለወጠ። የሚያስደንቀው ግን ሂልደጋርድ ፔፕላው የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በነርስና በሕመምተኛ መካከል ስላለው ግንኙነት የጻፈችው ታላቅ መጽሐፍ የታተመው በዚያው በ1952 መሆኑ ነው። የመጽሐፉ አሳብ ባጭሩ፥ ነርስ ከሕመምተኛው ጋር የሚመሠርተው ግንኙነት ራሱ ሕክምና ነው የሚል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እንግዶች ናቸው፤ ቀስ በቀስ ይተዋወቃሉ፤ ሕመምተኛው በነርሱ ተደግፎ ችግሩን መመልከት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ራሱን ሲችል በሚገባ ተሰነባብተው ይለያያሉ። ልብ በሉ፤ እንደ ፔፕላው ትምህርት መሰነባበቱም የሥራው አካል ነው። ዓለም በአንድ ዓመት ሁለት ስጦታ አገኘ ማለት ነው። እኛ አንደኛውን በቃላችን አጥንተን፥ ሁለተኛውን ለፈተና ያህል በአንድ ገጽ አልፈነዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣልያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ሲሆን፥ ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሮአል። ከጎጃምም ሆነ ከባሌ፥ ከሐረርጌም ሆነ ከወለጋ የታመመ ሰው ቢድን በዚያ፥ ባይድንም በዚያ ነበር። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ባሕር ማዶ ሄዶ መማር ነበረበት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ግን፥ በ1991 እ.ኤ.አ. ገደማ፥ ነርሶች በአማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና እየሠለጠኑ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች መላክ ጀመሩ። እነዚህ ነርሶች ሐኪም በሌለበት ስፍራ ሕመሙን መርምረው የለዩ፥ መድኃኒት ያዘዙ፥ ቤተ ሰብ የመከሩ፥ የሚጥል በሽታ ያለበትንም ጭምር ያከሙ ናቸው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምናን ከአዲስ አበባ ያወጣው ነርስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በጎንደርና በጅማ በዚህ ሙያ እስከ ማስተርስ ድረስ ትምህርት ይሰጣል፤ ይህም ታላቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም ሥራው ከሠራተኛው እጅግ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 የአእምሮ ጤና አትላስ እንደሚያስረዳው፥ በሀብታም አገሮች ለ100,000 ሰው ከ60 በላይ የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ሲኖሩ፥ በድሃ አገሮች ግን ቁጥራቸው ከ2 ያነሰ ነው። ስለዚህም ነው ድርጅቱ በ2008 ባወጣው ፕሮግራም፥ የአእምሮ ሕክምና በጠቅላላ ጤና ሠራተኞች እጅ በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ የመከረው። ኢትዮጵያም ይህን ከ2010 ጀምራ ሞክራለች፤ በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ይህንኑ መንገድ ተከትሎአል። በጤና ጣቢያ ያለው ጠቅላላ ጤና ሠራተኛ ማን ነው? ነገ ተመርቀን የምንወጣው እኛ ነን። እንግዲህ መንግሥት የአእምሮ ሕመምተኛውን ለእኛ ሊያስረክብ ወስኖአል፤ እኛ ግን ገና በር አጠገብ ቆመናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኔ የቀዶ ሕክምና ነርስ ልሆን ነው፤ ይህ እኔን አይመለከተኝም» ይላሉ። ለእነርሱ ሦስት ነገር ልጥቀስ።

የመጀመሪያው፥ በትኩሳት የሚቀባዥር ሰው ነገር ነው። በወባ ወይም በሳምባ ምች ብርቱ ትኩሳት የያዘው ሽማግሌ ሌሊት ተነሥቶ ሲጮኽ፥ ጉሉኮሱን ነቅሎ ሲጥል፥ ያልተማረ ነርስ «አብዷል» ብሎ ያስረዋል፤ የተማረ ነርስ ግን ትኩሳቱን፥ ትንፋሹን፥ የደሙን ስኳር ይመለከታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው።

ሁለተኛው፥ መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ሃሎፔሪዶል የተሰጠው ወጣት በጥቂት ቀን ውስጥ እግሩ ዕረፍት ሊያጣ ይችላል፤ ይቀመጣል፥ ወዲያው ይነሣል፥ ይንጐራደዳል፥ ተረጋግቶ መቆም ይሳነዋል። ይህን የማያውቅ ነርስ ሕመሙ የባሰበት መስሎት መድኃኒቱ እንዲጨመር ያደርጋል፤ ጭንቁም ይበረታል። በሌላው ደግሞ አንገቱ ይጣመማል፥ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል። ቤተ ሰቡ ይህን ሲያይ ሰይጣን የጠመዘዘው መስሎት መድኃኒቱን ጥሎ ሕመምተኛውን ይዞ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። አንድ መርፌ የሚያቃናው ነገር ነበር። «መድኃኒቱ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ካደረገው ቶሎ አምጡልኝ» የሚል አንድ ቃል አስቀድሞ ቢነገር ደግሞ ሰውን ከሕክምና አያስኮበልለውም ነበር። ይህን ቃል መናገር የነርስ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በቡታጅራ አካባቢ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። ከእነዚህ መካከል 919 ሰዎችን ተመራማሪዎች ለ10 ዓመት ተከታተሏቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ። የሞቱትም ሊኖሩ ከሚገባቸው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው። የገደላቸው ምን ይመስላችኋል? ራሳቸውን ያጠፉና በአደጋ የሞቱ አሉ፤ ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። ለሌላው ሰው በየጤና ጣቢያው የሚታከመው ዓይነት በሽታ ማለት ነው። እብድ የተባለ ሰው ሲያስለው የሚያዳምጠው፥ ሲያተኩሰው የሚለካው የለምና። እንግዲህ ይህን ሞት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ብቻውን አያቆመውም። ሊያቆመው የሚችለው «ሰውዬው የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» ሲባል የማይሸሽ ተራ ነርስ ነው።

ስለ ሕዝባችን እምነትም አንድ ነገር ልናገር። ትምህርት የቀመስን ወጣቶች፥ የታመመ ልጁን ወደ ጸበል የወሰደውን አባት ማፌዝ እንወዳለን። አባትዬው ግን ልጁን ተሸክሞ ስንት ቀን የሄደ ሰው ነው። ልጁን በሰንሰለት ያሰረውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያሰረው ከጭካኔ ሳይሆን ልጁ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ገደል እንዳይሄድበት ፈርቶ፥ ሌላም የሚረዳው አጥቶ ነው። እስሩ ትክክል ነው አልልም፤ የሚፈታው ግን በስድብ አይደለም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ከካህናቱ ጋር ተመካክረው መድኃኒትና ጸበል ጎን ለጎን እንዲሄዱ የደከሙ የአእምሮ ሐኪሞች አሉ። ከቄስ፥ ከሼኽ፥ ከአባትና ከእናት ጋር ተከባብሮ መነጋገር ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በየትኛው ክፍለ ጊዜ ተማርነው?

ነቀፋ ብቻ አቅርቦ መቀመጥ የተማሪ ደንብ እንዳይሆን፥ እንዲሻሻል የምለውን እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፥ አንድ ተማሪ ለአንድ ሕመምተኛ ይመደብ። ዐሥራ ሁለት ሆነን አንድን ሰው ከምንከብ፥ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ይዘን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ከእርሱ ጋር እንዋል። አብረን እንብላ፥ ካርታም ከሆነ ካርታ እንጫወት፥ ገላውን እንዲታጠብ እንርዳው፥ መድኃኒቱን ሲወስድ እንመልከት፥ ቤተ ሰቡ ሲመጣ እንነጋገር። በመጨረሻው ቀንም በሚገባ እንሰናበተው።

ሁለተኛ፥ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ አብሮን ይቆይ። መርፌ መውጋት ስንማር መምህሩ እጃችንን ይዞ ነው፤ ቃል ደግሞ ከመርፌ ይልቅ የሚወጋበት ጊዜ አለ። መምህሩ ራሱ ከሚጮኽ ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር አንድ ጊዜ ብናይ ከብዙ ገለጻ ይበልጥብናል። መምህራን ጥቂት ከሆኑ በክፍሉ ለብዙ ዓመት የሠሩት ነርሶች ለዚህ ሥራ ተመርጠው ጥቂት አበል ይቆረጥላቸው።

ሦስተኛ፥ ታመው የዳኑ ሰዎች በክፍላችን ፊት ቆመው ያስተምሩን። የፑሳንን ነገር አንርሳ። እስከ ዛሬ ያየናቸው ሕመምተኞች ሁሉ ሕመሙ በበረታባቸው ሰዓት ያየናቸው ናቸው፤ ከሆስፒታል ወጥቶ ሥራውን የሚሠራ፥ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው አላየንም። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም የማይድን ይመስለናል፤ ይህንኑም ለቤተ ሰብ እንነግራለን።

አራተኛ፥ ከተግባር ትምህርቱ የተወሰነው ጊዜ ከሆስፒታል ውጭ ይሁን፤ በጤና ጣቢያና በሕመምተኛው ቤት። ሥራችን ነገ በዚያ ነውና።

አምስተኛ፥ ፈተናው ይለወጥ። የሚፈተን ነገር ይጠናል፤ የማይፈተን ይረሳል። ከነጥቡ ግማሹ በወረቀት፥ ግማሹ ከሕመምተኛው አጠገብ በሚሠራው ሥራ ይሁን።

ስድስተኛ፥ በሳምንት አንድ ሰዓት መምህርና ተማሪ ተቀምጠው ያዩትን ይነጋገሩ። የተግባር ትምህርት ስንጀምር የመጀመሪያውን ሬሳ ያየን፥ የመጀመሪያውን ጩኸት የሰማን ሁሉ ዝም ብለን ወደ መኝታችን ሄደናል። የራሱ ጭንቀት የማይነገርለት ተማሪ የሌላውን ጭንቀት መስማት አይችልም።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። «ጊዜ የለም፤ የትምህርቱ ዝርዝር ሞልቶአል» ይባላል። እውነት ነው፤ ሞልቶአል። ነገር ግን ካቀረብኋቸው ስድስት ነገሮች የመጀመሪያው፥ ሦስተኛውና አምስተኛው አንድም ሰዓት አይጨምሩም፤ ያለውን ሰዓት አሠራሩን መለወጥ ብቻ ነው። «ለሕመምተኛው አይመችም» የሚልም ይኖራል። ለሕመምተኛው የማይመቸውስ በየወሩ ለአዲስ ቡድን ታሪኩን መናገር ነው። ሌላው ደግሞ «አደጋ አለበት» ይላል። አደጋውን የሚቀንሰው ሕመምተኛውን ማወቅ ነው፤ የማናውቀውን ሰው ቁጣ ሲነሣ እንጂ ሲመጣ አናየውም።

የመጨረሻው እንቅፋት ግን ያለው በመምህራኑ ዘንድ ሳይሆን በእኛው በተማሪዎቹ ዘንድ ነው። በአእምሮ ሕክምና ለመሠልጠን የተመደበ ተማሪ «ምነው፥ ነጥብህ አልበቃ አለ?» ተብሎ ይታዘንለታል። በአገራችን ነርስነት ጠቅላላውም ቢሆን አንድ ጊዜ እንደዚሁ የተናቀ ነበር፤ የሰው ቁስል ማጠብና የሰው ሽንት መድፋት የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም ይባል ነበርና። ልዕልት ፀሐይ ግን በስደት ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ተመረቁ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1942 በወጣትነታቸው አረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያላፈረችበትን ሥራ ሌላው ሰው ሊያፍርበት አልቻለም። ዛሬ የአእምሮ ሕመምተኛን ማስታመም ነርስነት ያን ጊዜ በነበረበት ስፍራ ላይ ይገኛል። ከዚያ የሚያነሣው ልዕልት አይደለም፤ በክፍላችን የላቀ ነጥብ ያለው ተማሪ እጁን አውጥቶ «እኔ በዚህ ልሠልጥን» ያለ ዕለት ይነሣል።

ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎች ማኅበርና ለነርስነት ትምህርት ክፍል መነጋገሪያ እንዲሆን ተስፋ አደርጋለሁ። የተሳሳትሁት ቢኖር መምህሮቼ ያርሙኝ፤ ያላሰብሁት የተሻለ አሳብ ያለውም ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

እኔ በበኩሌ ይህን ከመጻፌ በፊት ወደዚያ ክፍል ሄጄ ነበር። እኒያ አስተማሪ ድነው ወጥተዋል አሉኝ፤ ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦአል። አዲስ የመጡ ተማሪዎች ከብበውት፥ አንደኛዋ ከቅጹ ላይ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ።